ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ! ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነኝ። ከወንድሜ ጋር አንድ የቆየች ቶዮታ ክሬሲዳ ለአጭር ርቀት ሩጫ እያዘጋጀን ነው፣ ያው የ400 ሜትሩን ማለቴ ነው። ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ ነው፣ ባለ አራት ማርሽ። ሞተሩን ጨርሰናል፣ ቱርቦም ገብቶለታል። አሁን የተጣላነው በካምቢዮ ዘይት ነው። ወንድሜ "አሜሪካኖቹ ታይፕ ኤፍ ነው የሚያደርጉት፣ ማርሹ ቀጥ ብሎ ይገባል" ይላል። ሜካኒካችን ደግሞ ዴክስሮን 3 ይበቃል፣ ሌላው ወሬ ነው አለን። ሱቅ ስንሄድ ባለሱቁ ዴክስሮን 6 አወጣና "አዲሱ ይሄ ነው፣ ሁሉንም ይበልጣል" አለ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ዘይት። አቦ ገላግሉን!

መልስ፦ አቦ፣ ሦስቱም ዝም ብለው አላወሩም። ግን እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ስለ ሌላ ካምቢዮ ነው፣ ጠቡም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ከወንድምህ ልጀምር። ታይፕ ኤፍ የፎርድ ነው፣ ከ1960ዎቹ የመጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ማለስለሻ ኬሚካል የለበትም፣ ሚስጥሩ ይሄው ነው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ ሲቀየር የፍሪሲዮን ሸራዎችና ብረቶች ይያያዛሉ። ዴክስሮን፣ ማለትም የጄኔራል ሞተርስ ዘይት ሲሆን፣ ሊያያዙ ሲሉ ዘይቱ ትንሽ ያንሸራትታቸውና ማርሹ ሳይሰማህ ይገባል። እማማን ገበያ ለማድረስ በጣም ጥሩ ነው። ለሩጫ ግን እያንዳንዷ መንሸራተት ጊዜ ትበላለች፣ ሸራውንም ታቃጥላለች። ታይፕ ኤፍ ሲሆን ቶሎ ይነካከሳሉ፣ ማርሹም ጀርባህን መታ አድርጎ ይገባል። (በነገራችን ላይ ድሮ ይህ ማለስለሻ ከዓሣ ነባሪ ዘይት ይሠራ ነበር። አሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስትከለክለው የዘይት ፋብሪካዎቹ ምትክ ፍለጋ ብዙ ተጨንቀዋል።)

ታዲያ አሜሪካኖቹ ታይፕ ኤፍ የሚያደርጉት ምን ላይ ነው? ብዙውን ጊዜ ፓወርግላይድ ላይ፣ ማለትም ጄኔራል ሞተርስ ከ1950 እስከ 1973 የሠራው ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ ላይ፤ ወይም በ1964 በወጣው ቱርቦ 400 በሚባለው ካምቢዮ ላይ (ስሙ ነው እንጂ የሞተር ቱርቦ አይደለም)። እነዚህ ሥራቸው ቀላል ነው፣ ብረትና የዘይት ግፊት ብቻ። የእናንተ ባለ አራት ማርሽ ቶዮታ ግን፣ እንደ አብዛኞቹ ጓደኞቿ፣ ኮንቨርተሯ ውስጥ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክፍል ውስጥ፣ የሚቆልፍ ሸራ ሳይኖራት አይቀርም። ያ ሸራ ለስላሳ ዘይት ታስቦ ነው የተሠራው። ማለስለሻ የሌለው ዘይት ስታደርግባት ስትቆልፍ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፣ እናንተም ሞተሩ ነው ብላችሁ ሳምንቱን ሙሉ ሻማ ስትቀይሩ ትከርማላችሁ።

ግን ወንድምህን አትሳቅበት። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩ አንዳንድ ቶዮታዎች ራሳቸው ታይፕ ኤፍ ነበር የሚጠይቁት! ክሬሲዳ ደግሞ ብዙ ዓመት የተሠራ መኪና ነው። ስለዚህ ከማንም በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ጠርጉና አንብቡት። ቶዮታ የሚፈልገውን ዘይት እዚያው ላይ ይጽፋል። ዴክስሮን 2 ካለ ዴክስሮን 3ም ይሆናል። ታይፕ ኤፍ ካለ ግን ወንድምህ አሸነፈ፣ ቡናውን አንተ ትጋብዛለህ። ካምቢዮው በኋላ የተቀየረ ከሆነ ዘንጉም ከድሮው ሊሆን ስለሚችል፣ ካምቢዮው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ሜካኒካችሁ ያመሳክርላችሁ።

የባለሱቁ ዴክስሮን 6 መጥፎ ዘይት አይደለም። በ2005 አካባቢ ለአዳዲስ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮዎች ወጣ፣ ሙቀትም በደንብ ይችላል። ግን ቀጭን ነው። በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረቱ ከ6.4 ሴንቲስቶክስ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የተቀመመው፣ ዴክስሮን 3 ደግሞ በዚያው ሙቀት 7 እና ከዚያ በላይ ነው። ፓምፑ ያረጀ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ የደከመ፣ ያውም ቱርቦ የተጨመረበት አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ቀጭን ዘይት ግፊቱን ያወርደዋል፣ በየቀዳዳውም ያመልጣል። አዲስ ስለሆነ ብቻ አይበልጥም።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ዘንጉ ዴክስሮን ካለ፣ ዴክስሮን 3 ደረጃ ያለው ሙሉ ሲንቴቲክ ዘይት አድርጉ። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ጄኔራል ሞተርስ የዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠት በ2006 መጨረሻ አቁሟል። ዛሬ ዕቃው ላይ "ዴክስሮን 3" የሚል ጽሑፍ ስታይ ቃሉ የዘይት ፋብሪካው ብቻ ነው፣ ከኋላው ቆሞ የሚፈትሽ የለም። ስለዚህ ስሙ የታወቀ ፋብሪካ ምረጡ፣ ክዳኑና ማሸጊያው ያልተነካ ይሁን፣ ከበርሜል የሚቀዳውን እርሱት። "ሬሲንግ" የሚል ቃልና የእሳት ሥዕል ብቻ ያለበትን፣ የትኛውን ደረጃ እንደሚያሟላ ግን የማይናገረውን ዕቃም መደርደሪያው ላይ ተዉት።

ማርሹ ቀጥ ብሎ እንዲገባ ከፈለጋችሁ ደግሞ መንገዱ ዘይት መቀየር አይደለም። የካምቢዮውን የዘይት ግፊት የሚቆጣጠረውን የቫልቭ ክፍል የሚያውቅ ሰው ግፊቱን ከፍ ያድርግላችሁ። ለእናንተ ካምቢዮ ከታይፕ ኤፍ የበለጠ የሚሠራው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እናንተ አልጠየቃችሁኝም፣ ግን ድሬ ነው ያላችሁት፣ ዋሪያ! ግንቦትና ሰኔ ላይ ጥላ ውስጥ 35 ዲግሪ ነው፣ አስፋልቱን ተዉት። ለመነሳት ፍሬን ይዛችሁ ነዳጅ ስትረግጡ መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ግን ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል። ያ ጉልበት የት ሄደ? ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ላይ። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል። የካምቢዮ ዘይት 80 ዲግሪ አካባቢ ሲሠራ ረጅም ዕድሜ አለው። ጋራዥ ውስጥ የሚነገረው ልማዳዊ ስሌት፣ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል። 120ን ሲያልፍ ቫርኒሽ የሚመስል ቅርፊት እየሠራ ቫልቮቹን ያጣብቃል፣ ከዚያ በላይ ካምቢዮው ውስጥ ዘይት የሚይዙት ጎማዎች ይደርቃሉ። እዚህ ደረጃ ስትደርሱ የዘይቱ ስም ምንም አያመጣም።

የፋብሪካው ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ውስጥ ነው ያለው። ራዲያተሩ ራሱ 90 ዲግሪ ሲሆን ዘይቱን ከዚያ በታች ሊያወርደው አይችልም፣ ከየት አምጥቶ? ስለዚህ ለብቻው ማቀዝቀዣ ግዙ። ዘይቱ ከራዲያተሩ ወጥቶ በእሱ አልፎ ወደ ካምቢዮው ይመለስ፣ ከፊት ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ላይም እሰሩት። የሙቀት መለኪያም ጨምሩ። ብር ካነሰ፣ ውዱን ዘይት ትታችሁ መካከለኛ ዘይት ከማቀዝቀዣ ጋር ውሰዱ፣ እኔ በዚህ አልደራደርም። ፍሬን ይዞ መርገጡን ከሦስት አራት ሰከንድ አታሳልፉ። በሁለት ሩጫ መሀል ሞተሩን አታጥፉት፣ ኒውትራል ላይ ይሥራ፣ ዘይቱ እየዞረ ይቀዘቅዛል።

መጠኑ ላይም ተጠንቀቁ። "ለሩጫ ነው፣ ትንሽ ይጨመርበት" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሲበዛ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይመቱትና አረፋ ይሆናል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ሸራው ይንሸራተታል። ከዚያም አልፎ በመለኪያው ቱቦ ሊተፋና የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ሊፈስ ይችላል፣ ያ ደግሞ እሳት ነው። ሲያንስ ደግሞ መኪናዋ ስትወረወር ዘይቱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፓምፑ ባዶውን ይቀራል። ለዚህ ነው ሯጮች ጥልቅ የዘይት ገበታ (ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) የሚያስሩት። የእናንተን ቶዮታ የምትለኩት ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሾቹን አንድ ዙር አዳርሳችሁ ፓርክ ላይ ስትመልሱ ነው። ሌላም አለ፤ ከታች ፈትታችሁ ስታፈሱ ዘይቱ ሁሉ አይወጣም፣ ብዙው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ዓይነት የምትቀይሩ ከሆነ አፍስሱ፣ ሙሉ፣ ትንሽ ንዱ፣ እንደገና አፍስሱ።

ሩጫውን ግን በተዘጋ ሜዳ አድርጉት። የደንገጎ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ለእናንተ አልጻፍኩትም።

ጥያቄ፦ ከሳቢያን። የካምቢዮ ዘይቴ ቀይ ነበር፣ አሁን ጠቆር ብሏል። ጓደኛዬ ደግሞ የሱ ሮዝ ሆኗል ይላል። ቀለሙ ምን ይነግረናል?

መልስ፦ ቀዩ ቀለም ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። መኪናው ሥር ሲንጠባጠብ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ነው የሚጨመረው። ስለዚህ ጠቆር ማለቱ ብቻ አያስደነግጥህ፣ አሽትተው። የተቃጠለ ሽታ ካለው ሸራው ነዷል፣ አዲስ ዘይት አያድነውም። የጓደኛህ ግን ይፍጠን! ወተት የገባበት እንጆሪ ጁስ ከመሰለ የራዲያተር ውሃ ካምቢዮ ውስጥ ገብቷል። ዛሬውኑ ያቁመው። የሸራው ሙጫ ውሃ አይወድም፣ በጥቂት ቀን ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ሸዋ በር። አባታችን ያሳደገን በፔጆ 404 ታክሲ ነው፣ መኪናዋ ዛሬም ትሠራለች። ለካምቢዮውም ለዲፍረንሻሉም ጂኤል 5 የሚባለው የማርሽ ዘይት ይሻላል ተባልን፣ ከጂኤል 4 ስለሚበልጥ። እውነት ነው?

መልስ፦ የለም፣ እህቴ። ቁጥሩ ማዕረግ አይደለም። ጂኤል 5 ከባድ ጫና ላለባቸው ዲፍረንሻሎች የተሠራ ነው፣ በውስጡ ያለው የሰልፈርና የፎስፎረስ ቅመም ነሐስና መዳብ ያለበትን ብረት ይበላል። የ404 ካምቢዮ መጀመሪያውኑ የሞተር ዘይት እንዲጠጣ ነው የተሠራው፣ 20-40 ዓይነቱን፣ እሱኑ ስጡት። ከኋላ ያለው ዲፍረንሻል ደግሞ ለየት ይላል። እንደ ብዙ መኪኖች ጥርስ በጥርስ ሳይሆን የብረት ብሎን የመሰለ ዘንግ የነሐስ ማርሽ እያዞረ ነው የሚሠራው። ለዚያ ፔጆ ያዘዘው በጉሎ ዘይት ላይ የተቀመመ ልዩ ዘይት ነበር። ጂኤል 5 ካደረጋችሁበት ነሐሱ ቀስ እያለ ያልቃል፣ እና ያ ማርሽ ዛሬ ከየት ይገኛል? አባታችሁ ምን ያደርግበት እንደነበር ጠይቁት፣ ሳያውቅ አይቀርም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ የጉሎውና የማዕድኑ ዘይት በደንብ አይዋሃዱም። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ መጀመሪያ የድሮውን ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ።