ጎህ ሲቀድ በባሉን መብረር፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ቱርክ፣ ቀጰዶቅያ ሄጄ በሙቅ አየር ፊኛ፣ ማለትም በባሉን፣ እንደበረርኩ ካወራሁ ወዲህ ጥያቄው ዘነበብኝ። ሦስት ጊዜ በርሬያለሁ፤ አንዴ ደግሞ ሳልበር ተመልሻለሁ። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ለሰው ጉዞ ማዘጋጀት እንጀራዬ ነውና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለእረፍት ሄጄ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት የግድ ነው?

የግድ ነው። ገበሬ አውድማ ላይ ገለባውን በመንሽ ለማንሳት ነፋስ ይጠብቃል። የባሉን አብራሪ ግን የሚጠብቀው ነፋሱ እስኪተኛ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል መሬቱ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ እየወጣ ባሉኑን ያንገላታዋል። ጎህ ሲቀድ ግን አየሩ ረጋ ይላል። ደግሞ ባሉን የሚነሳው በውስጡ ያለው አየር ከውጪው ስለሚሞቅና ስለሚቀል ነው። ውጪው በቀዘቀዘ ቁጥር መነሳቱ ይቀላል። እኛ ጋ በኅዳር ማለዳ አመዳይ ሜዳውን ሲያነጣው የጎጆ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል አይደል? የሚፈለገው እንደዚያ ያለ ጠዋት ነው።

ደግሞም አነሳሱን ማየት ራሱ እንቅልፍ ያስረሳል። ጨርቁን ሜዳ ላይ ዘርግተው መጀመሪያ በትልቅ ማራገቢያ ይነፉታል። ከዚያ አብራሪው የፕሮፔን ጋዙን እሳት ሲለቀው ጨለማው ውስጥ ጨርቁ እንደ ፋኖስ ቦግ ይላል። ቀስ እያለ ቀና ሲል ፊታችሁን ሙቀት ይመታችኋል።

ከደብረ ሲና፦ መሪ አለው?

የለውም። አብራሪው ማድረግ የሚችለው መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። እሳቱን ሲለቅ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ያለውን ክዳን በገመድ ሲከፍት ይወርዳል። ነፋስ ደግሞ በየከፍታው አቅጣጫው ስለሚለያይ የሚስማማውን ፈልጎ አብሮት ይሄዳል። ከነፋሱ ጋር ስለምትሄዱ ነፋሱ አይሰማችሁም። እሳቱ ሲጠፋ ጸጥ ይላል፤ ከታች የውሻ ጩኸት ሰምቻለሁ።

ከአንኮበር፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ለጫጉላ ሄዳ ልትበር ነው። እንቅልፍ አጣሁ። አደጋ የለውም ወይ?

እማማ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ አልደብቅዎትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ፣ ሉክሶር ላይ አንድ ባሉን በእሳት ተያይዞ 19 ሰዎች ሞተዋል። ቀጰዶቅያ ግን መብረር ይቻላል አይቻልም ብሎ የሚወስነው የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን ነው። ነፋሱ ከበረታ ማንም አይነሳም። እኔም ሳልበር የተመለስኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

ለልጅዎ ይህን ይንገሩልኝ። ሲያርፉ ጀርባዋን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ትስጥ፣ ጉልበቷን ትጠፍ፣ የቅርጫቱን የገመድ እጀታ አጥብቃ ትያዝ። አብራሪው ሳይፈቅድ እንዳትወርድ። ቅርጫቱ የተጎነጎነ መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ መሬት ሲነካ እየተለመጠ ግጭቱን ይቀንሳል። እርጉዝ ከሆነች ግን አትብረር፤ ይህን አጥብቀው ይንገሯት።

ደግሞ እኮ አገሩ ባዕድ አይደለም። አውሮፕላን የሚያርፍባት ካይሰሪ፣ ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን የሚቀደሰው የቅዱስ ባስልዮስ መንበር፣ ጥንታዊቷ ቂሳርያ ናት። እንደ ላሊበላ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። ከበረራው በኋላ ትሳለማቸው።

ከደብረ ብርሃን፦ ምን ልልበስ?

የእኛን ብርድ የለመደ ሰው አዲስ ልብስ መግዛት አያስፈልገውም። ጃኬትና ጠፍጣፋ ጫማ ይበቃል። ብርዱ ያለው መሬት ላይ ቆሞ ሲጠበቅ ነው፤ ላይ እሳቱ ያሞቃል። ረጅም ከሆንክ ኮፍያ አድርግ፤ ሙቀቱ አናት ላይ ነው የሚያርፈው።

ከመንዝ፦ እኛ ጋስ ለምን አይኖርም? ከጓሳ ወይም ከጣርማበር አፋፍ ቢነሳ!

እኔም በህልሜ ስንት ጊዜ አስነስቼዋለሁ! ግን እንነጋገር። ባሉኖቹ የሚነሱበት ጎሬሜ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ፣ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ባሉን የሚያነሳው ሰው ያንሳል። ይህ በትልቅ ባሉን መላ ይገኝለታል። የሚያስፈራኝ ገደሉ ነው። ነፋሱ ወደ ቆላው ከገፋው መሬቱ ከእግርህ ስር ድንገት ይጠፋል፤ ከታች ጥሻና ሸለቆ እንጂ ማረፊያ የለም፤ ባሉኑን በመሬት እየተከተለ ሰዉን የሚያነሳው መኪናም አይደርስም። የጣርማበርን ጭጋግና ነፋስ ደግሞ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአፋፉ ርቆ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ሜዳ፣ በአመዳይ ወራት ቢሞከር ግን ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ ባሉን የሚያርፍበትን አይመርጥም፤ ገብስ ላይም ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ከቱሪስቱ በፊት ከገበሬው ጋር መነጋገርና ካሳውን አስቀድሞ መዋዋል ያስፈልጋል።

ከአለም ከተማ፦ ሦስት ቀን ነው ያለኝ። የትኛውን ልያዝ?

የመጀመሪያውን ማለዳ። ብዙ ሰው በረራውን ለመጨረሻው ቀን ያቆያል፤ ነፋስ ሲመጣ ሳይበር ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን ከተሰረዘ ሁለት ማለዳ ይቀርሃል። ስትከፍል ደግሞ በአየር ጠባይ ከተሰረዘ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ አስይዝ።