ጓሳ ላይ ቴሌስኮፕ ቢተከልስ?

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የፊዚክስ መምህራችን የጋማ ጨረር ፍንዳታ (ከሩቅ ጠፈር ድንገት የሚመጣ፣ ከኤክስሬይም የበለጠ ጉልበት ያለው የጨረር ብልጭታ) የሚታየው ከጠፈር ብቻ ነው አሉን። እኛ ግን የመንዝ ደጋው ጓሳ አለልን። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሰማዩም የከተማ መብራት አያውቅም። እዚያ ቴሌስኮፕ ቢተከልስ? ደግሞስ በሰከንዶች ውስጥ የሚጠፋን ነገር እንዴት ይለኩታል?

መልስ፦ ጥያቄሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ። በጥቅምት ውርጭ ጋቢ ደርቦ የጓሳን ሰማይ ማየት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። መምህርሽ ግን ልክ ናቸው።

የጋማ ጨረርን የሚያስቀረው መብራትም ደመናም አይደለም፤ አየሩ ራሱ ነው። ጨረሩ ከአየሩ ጋር እየተላተመ ተውጦ ይቀራል። ጓሳ አናት ላይ ብትቆሚም የአየሩ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ገና ከራስሽ በላይ ነው። በበኩሌ በዚህ አልከፋም፤ ያ አየር ነው በሕይወት ያኖረን።

ለዚህም ነው ፍንዳታው መጀመሪያ በሳተላይት የተገኘው፤ ያውም ሳይታሰብ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኑክሌር ሙከራን የሚገድብ ስምምነት ሲፈረም፣ አሜሪካ ድብቅ ሙከራ እንዳይካሄድ የሚጠብቁ ቬላ የተባሉ ሳተላይቶች አመጠቀች። እነሱም በ1967 የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገቡ። ቦምብ አልነበረም። ከጠፈር የመጣ መሆኑ ለዓለም የተነገረው በ1973 ነው።

ወደ አለካኩ ልምጣ፤ እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው። ጋማ ጨረርን እንደ ተራ ብርሃን በመስታወት ሰብስቦ ማየት አይቻልም፤ በስቶት ያልፋል። ስለዚህ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀው ፌርሚ የተባለ ሳተላይት በየአቅጣጫው የሚያዩ 12 የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታሎች አሉት። የጋማ ቅንጣት አንዱን ክሪስታል ስትመታ ውስጡ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል። መሣሪያው ያቺን ብልጭታ ይቆጥራል፤ ከድምቀቷም የቅንጣቷን ጉልበት ያውቃል። ቆጠራው ድንገት ካሻቀበ ፍንዳታ መጥቷል ማለት ነው። አብዝቶ የቆጠረው ክሪስታል ደግሞ አቅጣጫውን በግምት ይጠቁማል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀው ሌላው ሳተላይት፣ ስዊፍት፣ ዘዴው ሌላ ነው። ከመቁጠሪያው በላይ ወደ 52,000 የሚሆኑ ትንንሽ የእርሳስ ቁራጮች፣ በመካከላቸው ክፍተት እየተተወ፣ ተደርድረዋል። ፀሐይ በወንፊት አልፋ መሬት ላይ ጥላ እንደምትጥል፣ ጨረሩም በቁራጮቹ መሐል አልፎ ጥላ ይጥላል። ከጥላው ቅርጽ ተሰልቶ ምንጩ ያለበት ቦታ ይገኛል። ከዚያ ሳተላይቱ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ራሱን ያዞርና በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የኤክስሬይ ቴሌስኮፑን እዚያው ላይ ያነጣጥራል። የሚቸኩለው ወዶ አይደለም። ከፍንዳታው በኋላ የሚቀረው ወጋገን ቶሎ ይደበዝዛል፤ የፍንዳታው ርቀት የሚሰላው ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ ወጋገን ነው።

ጓሳሽን ግን እንዲሁ አልተወውም። መጋቢት 10 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የመጋቢት መስቀል ዕለት፣ 7.5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ የፈነዳ አንድ ነገር ብርሃኑ እኛ ጋ ደረሰ። ጋማ ጨረሩ አየሩ ላይ ቢቀርም፣ አብሮት የመጣው ተራ ብርሃን ለግማሽ ደቂቃ ያህል፣ በጨለማ ሰማይ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ሊታይ የሚችል ነበር። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ሆነና ፀሐይ ቀደመችው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ጓሳ ላይ ያደረ እረኛ ሊያየው ይችል ነበር ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ማድረግ የምትችይውን ልንገርሽ። የፌርሚ መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ በነፃ ይወርዳል። ከመምህርሽ ጋር የአንዱን ፍንዳታ ቆጠራ አውርዳችሁ በግራፍ ወረቀት ላይ ሣሉት። ከ2 ሰከንድ ያነሰ ከሆነ ምንጩ ምናልባት የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (ግዙፍ ኮከቦች ሲሞቱ የሚቀሩ እጅግ የታመቁ እምብርቶች) ግጭት ነው፤ ከበለጠ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ግዙፍ ኮከብ ሞት ነው። የትኛው እንደወጣላችሁ ጻፊልኝ።