ያለ ደመወዝ የሚጫወተው የወንድሜ ልጅ

ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ በአሜሪካ ቤዝቦል ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ በአንድነት መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ነው። ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሷል። ለእረፍት ይመጣል ብለን ስንጠብቀው «ኬፕ ኮድ ሄጄ ቤዝቦል እጫወታለሁ» አለ። ደመወዝ የለውም፤ የሚያድረውም የማያውቃቸው ሰዎች ቤት ነው። ስንደውልለት ስልክ አያነሳም። አባቱ እንቅልፍ አጥቷል። ይህ ነገር ነገ እንጀራ ይሆነዋል? (አክስቱ፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ልብዎ ይረፍ፤ ልጁ አልጠፋም። እኛ ዝናብ የምናይበት ሰኔና ሐምሌ እዚያ ፀሐይ የሚበረታበትና ትምህርት የሚዘጋበት ወቅት ነው። የኮሌጆች ውድድር ከየካቲት እስከ ግንቦት ይካሄዳል፤ ከዚያ ጥሩ ጥሩዎቹ ሰመር ሊግ ወደሚባሉት የእረፍት ወቅት ውድድሮች ይበተናሉ። በማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው የኬፕ ኮድ ሊግ ከእነዚህ ሁሉ የሚከበረው ነው። 10 ቡድኖች አሉት፤ ውድድሩ ከሰኔ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይዘልቃል። ወደዚያ መጠራቱ በራሱ አንድ ሰው ልጁን አይቶ «ይህ ይችላል» ብሏል ማለት ነው።

ደመወዝ የሌለው የኮሌጅ ስፖርት ደንብ ስለሚከለክል ነው። ለመጫወቱ ደመወዝ ከተቀበለ ወደ ኮሌጅ ቡድኑ ተመልሶ መጫወት ላይችል ይችላል። የማያውቃቸው የተባሉት ሰዎችም አስተናጋጅ ቤተሰብ ይባላሉ። ቡድኑ ራሱ የሚመድባቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ በየዓመቱ ልጆች ይቀበላሉ። ምግብ፣ መጓጓዣና የመመዝገቢያ ክፍያ ግን ከሊግ ሊግ ስለሚለያዩ «ከኪስህ የሚወጣው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ስልኩን በተመለከተ፣ ጨዋታው የሚጀመረው በእነሱ ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። እኛ ጠዋት ስንነሳ እሱ ገና ተኝቷል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይደውሉለት፤ ለእሱ ጠዋት 3 ሰዓት ስለሚሆን ነቅቶ ያገኙታል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የዚህ ሊግ ትልቁ ፈተና ዱላው ነው። በኮሌጅ የሚመቱት በብረት ዱላ ሲሆን፣ በኬፕ ኮድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ዱላው የእንጨት ነው። የብረት ዱላ ጥሩ የሚመታበት ቦታ ሰፊ ነው፤ ኳሷ እጀታው አጠገብ ብታርፍ እንኳ ትሄዳለች። እንጨት እንዲህ ዓይነት ስህተት አይምርም፤ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ኳሷ ጥቂት ተንከባልላ ትቆማለች። በፕሮፌሽናል ቤዝቦል የሚፈቀደው እንጨት ብቻ ስለሆነ መልማዮች፣ ማለትም ለክለቦች ተጫዋች የሚፈልጉ ሰዎች፣ ማስታወሻ ይዘው የሚጎርፉት ልጁ በእንጨት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነው። በኮሌጅ ጥሩ ይመታ የነበረው ልጅ በሰመር ቁጥሩ ቢወርድ አትደንግጡ፤ ዱላውም ወርዋሪዎቹም ከብደውበታል።

ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደመታ ብቻ ሳይሆን ሁለት ነገሮችን ጠይቁት፤ ለመምታት ከቆመባቸው 100 ተራዎች ስንት ጊዜ በስትራይክ እንደወጣ (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ተራው እንዳለቀ) እና ስንት ጊዜ መጥፎ ውርወራ ታግሦ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ (መቺው ወደሚሮጥበት ማረፊያ) እንዳለፈ። የአሜሪካ ከፍተኛው የፕሮፌሽናል ውድድር በሆነው በሜጀር ሊግ አማካዩ የመጀመሪያው 22 ገደማ፣ ሁለተኛው 8 ገደማ ነው። ልጁ በስትራይክ 30 እና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚወጣ ከሆነ ኳሷን በጊዜ አያነብም ማለት ነው፤ እዚያ ላይ መሥራት አለበት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የመምቻ አማካይ በዕድል ይዋዥቃል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ቶሎ ስለሚረጉ መልማዮችም የሚያምኑት እነሱን ነው።

ሌላው ጥያቄ «ውልህ ጊዜያዊ ነው ወይስ ሙሉ?» የሚል ይሁን። የአንዳንድ ኮሌጆች ውድድር ስለሚረዝም ቡድኖቹ በሰኔ መጀመሪያ ክፍት ቦታቸውን በጊዜያዊ ተጫዋቾች ይሞላሉ፤ ባለ ሙሉ ውሎቹ ሲደርሱም ጊዜያዊዎቹ ይሰናበታሉ። መሰናበቱ ውርደት አይደለም። ነገር ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ክረምቱን ከሚጨርስ እዚያው ቤቱ አጠገብ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዙሪያ በሚካሄደው የካል ሪፕከን ሊግ በየቀኑ ቢጫወት እመርጣለሁ። የሲልቨር ስፕሪንግና የቤተዝዳ ቡድኖች የሚጫወቱት እዚያ ነው። በወጣትነት የሚያሳድገው የሊጉ ስም ሳይሆን በሳምንት 20 ጊዜ ዱላ ይዞ መቆም ነው።

እንጀራ ይሆነዋል ወይ? በአራት ዓመት ኮሌጅ የሚማር ልጅ በሜጀር ሊግ ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ሊመረጥ የሚችለው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። የእናንተ ልጅ እንግዲህ ሊደርሰው የሚችለው በሚቀጥለው ሐምሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ድራፍቱ ከ40 ወደ 20 ዙር ስለተቀነሰ የሚመረጡት ከ600 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። በከፍተኛው ዲቪዚዮን ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ የኮሌጅ ቡድኖች አሉ፤ ሒሳቡን ለእናንተ እተዋለሁ። ከተመረጠም በኋላ ማይነር ሊግ የሚባለውን መሰላል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በተፈረመው የኅብረት ስምምነት የዓመቱ ደመወዝ በታችኛው እርከን 19,800፣ በላይኛው 35,800 ዶላር ነበር። ቤተሰብ የሚጦር ገንዘብ አይደለም።

ስለዚህ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ቢመረጥ አባቱ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ልጁ «አልፈርምም፣ አራተኛ ዓመቴን እማራለሁ» ማለት ስለሚችል የመደራደር አቅሙ ከፍ ያለው ያን ጊዜ ነው፤ ዲግሪውን ከጨረሰ በኋላ አቅሙ ይወርዳል። ሲፈርም ደግሞ ቀሪ ትምህርቱን ክለቡ እንዲከፍልለት የሚያደርገው አንቀጽ በመጀመሪያው ውል ውስጥ መኖሩን በዓይኑ ይይ። ያኔ ካልተጻፈ በኋላ አይጨመርም። ጨዋታ ካቆመ በኋላም በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን መጀመር አለበት።

ቸኩሎ መፈረም ሁልጊዜ ጥቅም እንዳልሆነ የኒውዮርክ ያንኪስ ኮከብ አሮን ጃጅ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ በ31ኛው ዙር ተመርጦ ነበር፤ አልፈረመም፣ ኮሌጅ ገባ። በ2012 ክረምት በኬፕ ኮድ ለብሩስተር ተጫወተ። በ2013 ከተመረጡት ሁሉ 32ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ከ31ኛ ዙር ወደ መጀመሪያው ዙር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ወርዋሪ ነው። በኮሌጁ ብዙ ወርውሮ ክርኑን አመመኝ ይላል፤ ግን መልማዮች እንዲያዩት ሰመሩንም መቀጠል ይፈልጋል። ምን እንምከረው? (አጎቱ፣ ከሰበታ)

መልስ፦ አሁን አይወርውር። ሕመሙ በክርኑ ውስጠኛ ጎን ከሆነ፣ ቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ከደነዘዙ፣ ወይም የውርወራው ፍጥነት ከወረደና ኳሷ ከታሰበው ከፍ ብላ መሄድ ከጀመረች በክርን ውስጥ ያለው ጅማት እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ጅማቱ ከተበጠሰ ለመጠገን የሚደረገው ቀዶ ጥገና እ.ኤ.አ. በ1974 በወርዋሪው ቶሚ ጆን ክንድ ላይ የተጀመረው ነው፤ ልጁን ከ12 እስከ 18 ወር ከሜዳ ያርቀዋል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ማስታገሻ ውጠው መወርወራቸው ላይ ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያቆምም። ኤምአርአይ ተነሥቶ ሐኪም «ደህና ነህ» ሳይለው ኳስ አይንካ።

ጤነኛ ሆኖ ሲመለስ ለ19–22 ዓመት ወጣት የሚመከረው እረፍት ይህ ነው፤ እስከ 30 ውርወራ ካደረገ በማግስቱ መወርወር ይችላል፣ 31–45 ከሆነ አንድ ቀን፣ 46–60 ሁለት፣ 61–80 ሦስት፣ 81–105 አራት፣ ከዚያ በላይ አምስት ቀን ይረፍ። ለማሟሟቅ የወረወራት ኳስ በዚህ ቁጥር ውስጥ ስለማትገባ ክንዱ የሚያውቀው ድካም ከተጻፈው ይበልጣል። መልማዮች ለወርዋሪ የሚሰጡት ግምት ባለፈው የኮሌጅ ወቅትም ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንድ ክረምት ቢያርፍ ከዓይናቸው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ 15 ዓመቴ ነው። ድንጋይ ስወረውር ከእኔ የሚርቅ የለም። ከዚህ ሆኜ ድራፍት መግባት እችላለሁ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ድራፍቱ በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ ለሚኖሩ ነው። ከሌላ አገር የሚመጣ ልጅ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ከክለብ ጋር በቀጥታ ሊፈርም ይችላል፤ ግን መልማዮቹ የሚያዘወትሩት ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ቬንዙዌላ ነው። አሜሪካ ሄደህ ኮሌጅ ከገባህ ግን እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች በድራፍቱ ትካተታለህ። ስለዚህ ለአንተ አጭሩ መንገድ በትምህርት በኩል ያለው ነው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛህን አጥብቅ።

እስከዚያው በድንጋይ ሳይሆን በኳስ ተለማመድ። የቤዝቦል ኳስ ክብደት 142–149 ግራም ነው። ከወርዋሪው መቆሚያ እስከ መቺው ድረስ 18.44 ሜትር በገመድ ለካና ግድግዳ ላይ ከጉልበት እስከ ደረት የሚደርስ፣ 43 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን በኖራ ሥራ። በቀን 30 ወርውር፤ ስንቱ ሳጥኑ ውስጥ እንደገባ ጻፍ። በሱሉልታ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ርቃ ትሄዳለች፤ ጠማማ ውርወራ ደግሞ ዝቅ ካለ አገር ያነሰ ይታጠፋል። ርቀትህ አያታልልህ፤ የምትለካው በሳጥኑ ነው። ጠማማውን ለመማር ደግሞ ክንድህ እስኪጠነክር ጠብቅ።