ከእስትንፋስ ልምምድ ጋር የተሰጠኝን ማንትራ ልድገም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው አሜሪካ ነው። በሥራ ቦታዬ ለጭንቀት ይረዳል ተብሎ የአተነፋፈስ ልምምድ ይሰጠናል። አየር ስናስገባ «ሶ»፣ ስናስወጣ «ሃም» እያልን በልባችን እንድንደግም፣ ቤት ስንገባ ደግሞ «ኦም ናማ ሺቫያ» 108 ጊዜ እንድንል ተነገረን፤ እነዚህን የሚደጋገሙ ቃላት ማንትራ ይሏቸዋል። እንቅልፌ ተስተካክሎልኛል። ኃጢአት ይሆንብኛል? ቃሉን «ኢየሱስ» በሚለው ብተካውስ?

መልስ፦ እኅታችን፣ የደረስዎት ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ላይ ነው፤ አንዱን ይያዙ፣ ሌላውን ይተዉ።

እስትንፋስ የፈጣሪ ስጦታ ነው (ዘፍ. 2፥7)። ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ በተለይ የሚወጣውን ከሚገባው ማስረዘም፣ የልብ ምትን ያረጋጋል። የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለምና «መተንፈሱም ባዕድ አምልኮ ነው» የሚሉትን አይስሙ። ወንበር ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። አየር አምቆ መያዝ አያስፈልግም።

በጣም የሚያፈጥነው ዓይነት ግን ይቅርብዎ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ከመጠን በላይ ሲወጣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ራስ ይዞራል። ይህን «መንፈስ ጎበኘኝ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ የሰውነት ነገር ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጨርሶ አይሞክረው።

ማንትራው ግን ጸሎት ነው። «ኦም ናማ ሺቫያ» ሂንዱዎች ለሚያመልኩት ለሺቫ የሚቀርብ ስግደት ነው፤ 108ም የመቁጠሪያቸው ዶቃ ቁጥር ነው። «ሶሃም» ደግሞ «እኔ እርሱ ነኝ» ማለት ነው፤ የሰው ነፍስና ፍጹሙ አምላክ አንድ ናቸው ከሚል ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። እነርሱ አምነውበት ይሉታል፣ አይደብቁትምም። እኛ ግን በጸጋ ልጆቹ እንባላለን እንጂ በባሕርይ አምላክ ነን አንልም፤ የሌሎች አማልክትን ስምም እንዳንጠራ ታዝዘናል (ዘጸ. 23፥13)።

«ሃይማኖት የለበትም» የሚለው ማባበያ ብዙ ሰው አታሏል። ሕንዳዊው መምህር ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ያስፋፋው የማንትራ ተመስጦ በኒው ጀርሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲሰጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ሃይማኖታዊ ነው ተብሎ ታገደ፤ በ1979 ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን አጸናው።

እርስዎ ሳያውቁ ብለውታል፤ አይሸበሩ። ሐዋርያው ለጣዖት የተሠዋ መሆኑ የተነገረው ሰው እንዳይበላ ያዛል (1ኛ ቆሮ. 10፥28)። አሁን ተነግሮዎታልና ያቁሙ፣ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ።

ቃሉን ብቻ መተካት አይበቃም። እንዲህ ባለው ልምምድ ማንትራ አሳብን ለማሳረፍ እንደ መሣሪያ የሚደገም ድምፅ ይሆናል፤ «ኢየሱስ» ሲሉ ግን ጸሎትዎን የሚሰማውን ጌታ እየጠሩ ነው። ስሙን የእንቅልፍ መድኃኒት አያድርጉት። ስለዚህ ይለያዩት፦ መጀመሪያ ተቀምጠው ይተንፍሱና ይጨርሱ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞረው ያማትቡ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ያድርሱ፣ በመቁጠሪያ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ይበሉ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ለመሙላት ሲቸኩል «መሐረነ» ተውጦ ይቀራል፣ አፍ ይሮጣል፣ ልብ ገበያ ይወጣል። እንደዚያ ሲሆን ከተዉበት ይቀጥሉ፣ ከፍጥነቱ ይቀንሱ፤ ጊዜ ካጠረዎት በጥድፊያ ከሚያልፉት 41 በማስተዋል የሚሉት 12 ይሻላል። ሙቀት ወይም እንባ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ልብዎ ደርቆም ጸሎትዎ ጸሎት ነው። «መደጋገም በወንጌል ተከልክሏል» ካሉዎት፣ ጌታ የከለከለው በከንቱ መድገምን ነው (ማቴ. 6፥7)፤ እርሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮአል (ማቴ. 26፥44)።

ለአሠልጣኙ «ትንፋሹን በዝምታ እሠራለሁ፣ ቃሉን አልልም» ማለት በቂ ነው። ጮኾ ማዜም ወይም በምስል ፊት መስገድ ከመጣ ይውጡ። ሐኪም ያዘዘልዎት የጭንቀት መድኃኒት ካለ ግን ጸሎት ጀመርኩ ብለው አያቋርጡ።