ጥያቄና መልስ፦ በጌም ወታደር ይሠለጥናል?

ጥያቄ፦ ልጄ የተኩስ ጌም ላይ ተጥዶ ይውላል። ወታደሮችም በጌም ይሠለጥናሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ማውስ በመነካካት ዒላማ መምታት ይለመዳል?

መልስ፦ ዒላማ መምታትስ አይለመድም። የጠመንጃው ክብደት፣ ርግጫው፣ የትንፋሽ አያያዙ ማውስ ላይ የሉም። የአሜሪካ ማሪን ኮር (የባሕር እግረኛ ጦር) በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ዱም 2 የተባለውን ጌም ወስዶ ጭራቆቹን በወታደር ተክቶ ነበር። አራት ሰልጣኞች በተገናኙ ኮምፒውተሮች ይጫወቱ ነበር፦ አንድ መሪ፣ አንድ መትረየስ ተኳሽ፣ ሁለት ጠመንጃ ያዦች። የተፈለገው መነጋገር፣ ጓድ ሲንቀሳቀስ በተኩስ መሸፈን እና ጥይት መቆጠብ ነበር። እነዚህ ስክሪን ላይም ይለመዳሉ።

ሜዳ ላይ ደግሞ ማይልስ የሚባል የሌዘር መሣሪያ አለ። አፈሙዙ አካባቢ ትንሽ ሳጥን ይታሰራል፤ እርሳስ የሌለው የልምምድ ጥይት ሲተኮስ ሳጥኑ ሌዘር ይልካል፤ የባላጋራው ቆብና ትጥቅ ላይ ያሉት መቀበያዎች ሲመቱ ይጮኻሉ። ጣጣው እዚህ ነው፤ ጥይት ቅጠል በስቶ ያልፋል፣ ሌዘርን ግን ቅጠል ያስቀረዋል። ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ የተረፈ ሰልጣኝ ያንን እንደ ምሽግ ይቆጥረዋል፤ ክፉ ልማድ! አሰልጣኙ እዚያው አስቁሞ፣ ከዓይን መሰወርና ከጥይት መከለል ሁለት ነገር መሆናቸውን ማሳየት አለበት። ሳጥኑም ከማነጣጠሪያው ጋር አስቀድሞ ካልተስተካከለ ጎበዙ ተኳሽ ሲስት ይውላል።

ትልቁ ትምህርት ከጨዋታው በኋላ ነው፦ ምን ታቅዶ ነበር? ምን ሆነ? ለምን? ጌሙ የጨዋታውን ቅጂ ስለሚያስቀር ማንም «እኔ አልነበርኩም» አይልም።