ብርቱካኑ ለምን ገረጣ?

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ የማለማቸው ሃያ ያህል የብርቱካንና የሎሚ ዛፎች አሉኝ። ካቻምና የአንዱ ብርቱካን አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቢጫ ሆነ። ፍግና ማዳበሪያ ብጨምርም ዘንድሮ ወደ ሌሎቹ ቅርንጫፎች ተዛመተ፤ ፍሬውም ትንሽና ጠማማ ሆነ። ጎረቤቴ ደግሞ አጠገቡ ካለው ጤነኛ ዛፍ ለማዳቀያ የሚሆን ቅርንጫፍ ጠይቆኛል። ልስጠው? (አንባቢ፣ ከቀወት ወረዳ)

መልስ፦ ለጊዜው አይስጡት። ማዳበሪያ ያነሰው ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለመናው ይገረጣል እንጂ አንድ ቅርንጫፍ መርጦ አይጀምርም፤ የእርስዎ ዛፍ ምልክት ግሪኒንግ ወደሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ያመለክታል።

ከታመመው ቅርንጫፍ የጠና ቅጠል ቀንጥሰው፣ ከመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ ትይዩ በሆነ ቦታ ሁለት እኩል ክቦች በእስክሪብቶ ይሥሩ። ያነሰው ዚንክ ወይም ብረት ከሆነ በሁለቱ ክቦች ውስጥ የሚታየው ቀለም ተመሳሳይ ነው፤ በግሪኒንግ ግን አንዱ ቢጫ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ፍሬውንም ከእንጨቱ ጀምረው ቁልቁል ይሰንጥቁት፤ መሐሉ የተጣመመ፣ ዘሩ የጨነገፈ፣ ጣዕሙ የመረረ፣ የታች ጫፉም ሳይቀላ አረንጓዴ የቀረ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን በላቦራቶሪ በሚደረግ የዘረመል ምርመራ ስለሆነ፣ መጥረቢያ ከማንሳትዎ በፊት በቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ በኩል ናሙና ያስልኩ።

«በሽታው የደጋ ነው፣ የቆላ ሙቀት ይገድለዋል» የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል። ይህ ለአፍሪካው ዝርያ በከፊል እውነት ነው፤ ሙቀትን የሚቋቋመው የእስያው ዝርያ ግን እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2010 በኢትዮጵያም መገኘቱ ስለተዘገበ፣ ሸዋ ሮቢት ሞቃት ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ባክቴሪያው የሚኖረው ቅጠል ያዘጋጀው ምግብ በሚወርድበት ቱቦ ውስጥ ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ የምታዛምተው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ስትመጥ ጅራቷን ቀና የምታደርግ ተባይ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው በለጋ ቅጠል ላይ ሲሆን፣ የጫጩቶቿ መቀመጫ ከቅጠሉ ሥር እንደ ጉድጓድ፣ ከላይ እንደ እባጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ዛፉ አዲስ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ለጋውን እየገለበጡ ይመልከቱ፤ አጥር ላይ ያለው ልምጭ የተባለው ቁጥቋጦም ስለሚያስጠልላት ከፍተሻው አይቅር።

ለታመመ ዛፍ መድኃኒት የለም። በሽታው ከተረጋገጠ በመጀመሪያ ፀረ ተባይ ይርጩ፣ ከዚያ ዛፉን ከነሥሩ ይንቀሉ፤ ሳይረጩ ከቆረጡ ተባዮቹ ተነሥተው ወደ ጎረቤት ዛፍ ይሄዳሉ። የሚረጨውን ዓይነትና መጠን ባለሙያው ይወስን፤ አበባ ባለበት ጊዜ መርጨት ግን ንብ ይፈጃል።

ወደ ጎረቤትዎ ጥያቄ ልመለስ። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት በዛፍ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጤነኛ የሚመስለው ዛፍዎ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ የለዎትም፤ የተያዘ ቅርንጫፍ ማዳቀልም በሽታውን አብሮ መትከል ነው። ሎሚ ከሆነ የሚፈልገው ፍሬ ይስጡትና ከዘሩ ያፍላ፤ በሽታው በዘር አይተላለፍም። ችግኙን ግን ከእርስዎ ዛፎች ርቆ፣ በመረብ ሥር ያሳድገው።