ጥቁሩ ክርና ሰማያዊው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 52 ነው፤ ጊዮርጊስ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ስኳር ከያዘኝ 9 ዓመት ሆኖኛል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጥቁር ክርን ከጥቁር ሰማያዊ መለየት እያቃተኝ ነው። በቀደም የደንበኛ ሱሪ በተሳሳተው ክር ሰፍቼ፣ ልጄ አይታ ነግራኝ ፈታሁት። ዓይኔን ስታይ ግን «ደም ሥርሽ ደህና ነው፣ አልደማም» ተባልኩ። ታዲያ ዓይኔን ምን ነካው?
ልብስ ሰፊዋ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ የተነገረዎት እውነት ነው፤ ግን ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም።

ሬቲና ከዓይናችን በስተጀርባ የተነጠፈ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። የተሠራውም በአብዛኛው ከነርቭ ሕዋሶች ነው፤ ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሱት ብቻ በአንድ ዓይን አንድ ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። ሥራቸው ከባድ ስለሆነ ኦክስጅን በብዛት ይፈጃሉ። ብርሃን ተቀባዮቹማ ከቀን ይልቅ በጨለማ ይብስባቸዋል።

ይህን ሁሉ የሚቀልቡት ደም ሥሮች ናቸው። መቼ መስፋት እንዳለባቸው የሚነግራቸው ግን ከሩቅ የሚመጣ ትእዛዝ አይደለም፤ እዚያው አጠገባቸው ያሉት የነርቭ ሕዋሶች ናቸው። በመካከል ሙለር የሚባሉ ደጋፊ ሕዋሶች አሉ፤ በአንድ ወገን ነርቩን፣ በሌላው ደም ሥሩን ይዘው ያገናኟቸዋል። ጤነኛ ዓይን ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሲበራ፣ የሬቲናው ደም ሥሮች ሰፋ ሲሉ በመሣሪያ ይታያል። ስኳር ባለበት ሰው ይህ መስፋት ይቀንሳል፤ ያውም ሐኪሙ አንዲት የደም ነጠብጣብ እንኳ ሳያገኝ። መድማቱ ሳይመጣ መግባባቱ ይጎዳል ማለት ነው።

ለዚህ ነው የክርዎን ነገር ቀለል አድርጌ ያላየሁት። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ሰማያዊን መለየት መድከሙ፣ ፈዘዝ ያለውን ነገር ከጀርባው ነጥሎ ማየት መቸገሩ፣ ቀድመው ከሚመጡት ለውጦች ናቸው። ሆኖም በደብዳቤ ብቻ አልፈርድም። ጀማሪ የዓይን ሞራም ሰማያዊን ያደበዝዛል።

አጎቴ የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ሲመላለስ ነው ያረጀው። «ደህና ነህ» የተባለባትን አንድ ቀን ይዞ አራት ዓመት ሳይታይ ቆየ። አንድ ጠዋት መሪ እንደጨበጠ ግራ ዓይኑ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር ወረደበት። ደም ነበር። ደም ሥርን አቅፈው የሚይዙት ሕዋሶች በስኳር ሲሞቱ ደም ሥሩ ያፈስሳል፣ ይዘጋል። የተራበው ሬቲና ቪኢጂኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ በእሱ ጥሪ የሚበቅሉት አዳዲስ ደም ሥሮች ደግሞ ለመበጠስ የቀረቡ ናቸው። ሕክምናው፣ የዓይን መርፌውም ሌዘሩም፣ ያን ጥሪ ለማብረድ ነው። አጎቴ ዘንድ ዘግይቶ ደረሰ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

እርስዎ ግን ጊዜ አለዎት። በዓመት አንዴ፣ ብሌን በሚያሰፋ ጠብታ ይታዩ፤ አሁን ግን ለውጥ ስላዩ ዓመቱን አይጠብቁ። የሦስት ወር የስኳር ውጤትዎንና የደም ግፊትዎን ይወቁ። በ1993 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ካለባቸው መካከል ሬቲናቸው ገና ያልተጎዳው ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቆጣጠሩ በሽታው የመጀመር ዕድሉ በ76 በመቶ ቀንሷል። በሁለተኛው ዓይነትም ቁጥጥር እንደሚጠቅም ተረጋግጧል።

ሲሄዱ ሴት ልጅዎን ያስከትሉ፤ ከጠብታው በኋላ ለሰዓታት ዓይንዎ ይደበዝዛል፣ የፒያሳን የቀትር ፀሐይ ብቻዎን አይችሉትም፣ መርፌም አይያዙ። ስለ ደም ሥሩ ብቻ አይጠይቁ፤ «ቀለም የመለየት አቅሜንም፣ ሞራ መኖሩንም ይዩልኝ» ይበሉ። ሁለቱንም ክሮች ጠቅልለው ይዘው ይግቡና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡለት።